የኋላውን ነቅሎ የፊቱን ማቅናት

ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልጀምርልሽ። የታች የፊት ጥርሶችሽ አንዱ በአንዱ ላይ መደረብ ሲጀምሩ፣ ጥፋተኛው ከኋላ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ነው፣ እናንተ ዊዝደም ቱዝ የምትሉት፣ አራቱንም ካላስነቀልሽ የፊቱ እየባሰበት ይሄዳል ብለውሻል አሉ። እናትሽም ገንዘብ ማፈላለግ ጀምራለች። እኔ ዕድሜዬን የሰው አፍ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ጡረታ ቢወጣም ዓይኔና ጆሮዬ ገና አልወጡም። የምለውን ስሚኝ፤ ከዚያ በኋላ አንቺው ትወስኛለሽ፣ አፉ ያንቺ ነው።

መልሱን አላቆይብሽም። የመጨረሻው መንጋጋ የፊት ጥርስሽን ያጣበበው አይመስለኝም። ጥቂት ገፍቶ እንኳ ቢሆን፣ በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ነገር ነው። እሱን ማስነቀል የተደራረበውን አያቀናም፤ ነገ እንዳይደራረብም አይጠብቅም። ካላመመሽ፣ ድዱ ካላበጠ፣ ካልተበላ፣ አጠገቡ ያለውን ጥርስ ካልጎዳ፣ ለፊት ጥርስ ሲባል ብቻ እንዳታስነቅይው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ አንቺ ግን ሥራ አላጣሽም፣ ደህና ድድሽን አስቀድደሽ የምታሰፊበት ምክንያትም አይታየኝም።

ሐሳቡ ለምን የሰውን ልብ እንደሚይዝ ይገባኛል። ሦስት ሰው በሚይዝ የሚኒባስ ወንበር ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አራተኛ ሲጨምር፣ ዳር ያለው ሰው ትከሻው ከመስኮቱ ጋር ይላተማል። ጥርስም እንዲሁ ይመስላል። ከኋላ አዲስ ይመጣል፣ የፊቱን ይገፋል፣ ግፊቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ እየተላለፈ መጨረሻ ላይ ቀጫጭኖቹ የፊት ጥርሶች መድረሻ ያጣሉ። ጊዜውም ይገጥማል። የመጨረሻው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል፤ የታች የፊት ጥርሶች መደራረብ የሚጀምሩት ወይም የሚብስባቸውም በዚያው ዕድሜ ነው። አንድ ሰሞን የመጡ ሁለት ነገሮችን አንዱን ለሌላው አባት ማድረግ ደግሞ የሰው ጠባይ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ይህን ያመነው ተራ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳንኤል ላስኪን የተባለ አሜሪካዊ የአፍ ቀዶ ሕክምና ምሁር ከ600 በላይ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪሞችንና 700 ያህል የአፍ ቀዶ ሐኪሞችን ጠይቆ ነበር። 65 በመቶ ያህሉ የመጨረሻው መንጋጋ አንዳንዴ የታች የፊት ጥርስን ያጣብባል ብለው መለሱ። ስለዚህ የነገረሽን ሐኪም አታላይ ነው አልልሽም፤ ከመምህሩ የሰማውን ነው የነገረሽ፣ መምህሩም ከመምህሩ። ነገር ግን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል የኛ ሰው። መቼም ሺህ ሐኪም ስላመነው አንድ ጥርስ አይገፋም።

እስቲ መላ እንጨምርበት። ይህ ጥርስ ጨርሶ ያልተፈጠረላቸው ሰዎች አሉ። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከመቶ ሰው 22 ያህሉ ከአራቱ የመጨረሻ መንጋጋዎች ቢያንስ አንዱ አይፈጠርላቸውም። ገፊው እሱ ቢሆን ኖሮ፣ ጨርሶ ያልተፈጠረላቸው ሰዎች እስከ ሽምግልናቸው ድረስ የፊት ጥርሳቸው እንደ ተሰለፈ በቆየ ነበር። አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1962 ቬጎ የተባለ ተመራማሪ የታች የመጨረሻ መንጋጋ ያላቸውን 40 ሰዎችና ያልተፈጠረላቸውን 25 ሰዎች ከልጅነት እስከ ወጣትነት ተከታትሎ ነበር። ጥርሱ ያላቸውም የሌላቸውም ተጣበበባቸው። ባላቸው ላይ ትንሽ ብሷል፤ ልዩነቱ ግን አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ያ ትንሽ ልዩነት ለብዙ ዓመታት የክርክሩ ማገዶ ሆኖ ቆየ። የቤልፋስቷ ማርጋሬት ሪቻርድሰንን የመሰሉ ቁም ነገረኛ ምሁራንም ከኋላ የሚመጣ ግፊት የራሱ ድርሻ አለው ብለው ተከራክረዋል። የነሱን ወገን ደብቄ የራሴን ብቻ ብነግርሽ ሽምግልና አይባልም።

በሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ሌላ መንገድ ሄዱ። ብሬስ፣ ማለት የጥርስ ማቅኛ ሽቦ፣ አድርገው ከጨረሱ ዓመታት ያለፋቸውን ሰዎች ጠርተው አፋቸውን እንደገና ለኩ። ጥርሱ ደህና ሆኖ የወጣላቸው ነበሩ፤ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ የቀረባቸው ነበሩ፤ ያልተፈጠረላቸው ነበሩ፤ ካስነቀሉ አሥር ዓመት ያለፋቸውም ነበሩ። የፊት ጥርሳቸው መዛነፍ ከቡድን ቡድን የረባ ልዩነት አልታየበትም። ያስነቀለውም፣ ያላስነቀለውም፣ ያልተሰጠውም አንድ ሆኖ ተገኘ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሳውዛርድና ጓደኞቹ ግፊቱን ራሱን ሊለኩ ተነሡ። በሁለቱም ወገን ያልወጣ የመጨረሻ መንጋጋ ያላቸውን ሰዎች ወስደው፣ ጥርስና ጥርስ ምን ያህል ተጠባብቀው እንደቆሙ በመሣሪያ ለኩ፤ ከዚያ የአንዱን ወገን ብቻ ነቅለው እንደገና ለኩ። የተነቀለበት ወገን ካልተነቀለበት ተለይቶ አልላላም። የጥብቀቱን መጠን የለወጠው ሰውየው ወንበሩ ላይ በጀርባው መጋደሙ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ ብቻዬን ሥቄያለሁ። ለካ ግፊቱን ለማላላት ጋደም ማለት ይበቃ ኖሯል!

የሁሉም ሚዛን ግን የእንግሊዞቹ ነው። ሃራዲንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር 164 ወጣቶችን ወስደው፣ ማን ይነቀልለት ማን ይቆይለት የሚለውን በዕጣ አደረጉት። ዕጣ ያልኩሽን በዋዛ እንዳታዪው። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ የባሰበትን ወደ መንቀያው፣ የተሻለውን ወደ ሌላው ሊያደላ ይችላል፤ ዕጣ ግን አያዳላም። ከአምስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ መልሰው ለኩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። የፊት ጥርስ መዛነፍ ከተነቀለላቸው መካከል በአማካይ በ0.8 ሚሊሜትር፣ ካልተነቀለላቸው መካከል በ1.1 ሚሊሜትር ጨምሮ ተገኘ። ልዩነቱ የሚሊሜትር ሦስት አሥረኛ ነው፤ የራስ ፀጉርሽን ሦስት አራት ብትደራርቢው ያን ያህል ይወፍራል። ደግሞም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው ተብሏል። የጥርሱ ረድፍ ርዝመት ባልተነቀለላቸው ላይ በአንድ ሚሊሜትር ያህል በልጦ ማጠሩን ደግሞ አልደበቁም። ከጀመሩት ውስጥ ተመልሰው የመጡት 77 ብቻ መሆናቸው የጥናቱ ጉድለት ነው፤ ይህንንም ራሳቸው ጽፈውታል። ግን ጉድለቱን ሁሉ ቆጥረሽ፣ «የፊት ጥርስ እንዳይጣበብ ተብሎ የኋላውን መንቀል ተገቢ አይደለም» የሚለውን መደምደሚያቸውን የሚያፈርስ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ይህ ደግሞ የአንድ ሰሞን ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚህ ጥርስ ሲያማክር፣ የፊት ጥርስ መጣበብን ለመቀነስ ብቻ ብሎ መንቀል በቂ ምክንያት የለውም የሚል ቃል ወጥቶ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት፣ ናይስ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚያም አልፎ ሄደ፤ በሽታ የሌለበትን የተቀበረ የመጨረሻ መንጋጋ ለጥንቃቄ ብሎ መንቀል በመንግሥት ሕክምና እንዲቆም አዘዘ። ስለዚህ ነው ለንደን ያለችው የአክስትሽ ልጅ «ካላመመሽ ተይው» የተባለችው፣ ቨርጂንያ ያለው ወንድሟ ግን ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አራቱንም በአንድ ቀን አስነቅሎ ጉንጩ አብጦ ፎቶ የላከልን። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው፤ ምክሩን የለወጠው ያገሩ ልማድና የኢንሹራንሱ ጠባይ ነው። አንቺም ስትወስኚ የቨርጂንያውን ፎቶ ብቻ አትይ።

እንግዲህ ገፊው እሱ ካልሆነ ማነው ትይኝ ይሆናል። ጊዜ ነው፣ ልጄ። የታችኛው መንጋጭላ ከላይኛው ዘግይቶ ያድጋል፤ የአሥራዎቹ ዕድሜ ሲያልቅ፣ አንዳንዱም ሃያዎቹን ሲጀምር፣ ወደፊት መሄዱን አያቆምም። የታች የፊት ጥርሶች አብረውት እንዳይሄዱ ግን የላይኞቹ ጥርሶችና ከንፈር ከፊት ቆመው ይመልሷቸዋል። ወደ ኋላ ሲመለሱ ቆመውበት የነበረው ቅስት ይጠባል፤ ሲጠብ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ ይላል። ከዚህም ሌላ ጥርስ ሁሉ ዕድሜውን በሙሉ በጣም በዝግታ ወደፊት የመንፏቀቅ ዝንባሌ አለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት የጥርስ ሐኪም ያወጣው ይመስለኛል። የኔን የታች ጥርስ እዪው፤ በ20 ዓመቴ ቀጥ ያለ ነበር፣ በ40 ትንሽ ጠመም አለ፣ ዛሬ እንደምታዪው ነው። እህቴ ደግሞ የመጨረሻው መንጋጋ ከነጭራሹ አልበቀለላትም፤ የፊት ጥርሷ ከኔም የባሰ ነው።

ከልጅነት የሚመጣም አለ። የወተት መንጋጋ ጊዜው ሳይደርስ በስብሶ ከተነቀለ፣ ከኋላ ያለው ቋሚ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል፤ ተተኪው ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። «የወተት ነው፣ ይወልቃል» እያልን ስንት ልጅ አበላሸን። ለታናሽ ወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ፤ ከረሜላውን ቀንሱለት።

ጥርሱ የሚበቅልበት ቦታ ማጣቱስ ከየት መጣ? ብሔራዊ ሙዚየም ስትሄጂ ድንቅነሽን አስተውለሽ እዪያት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው እናታችን የመጨረሻው መንጋጋዋ ወጥቶ፣ ማኘክ ጀምሮ ጥቂት ተፍቆ ነው የተገኘው፤ ሙሉ ሴት መሆኗን ሊቃውንቱ ካወቁበት ምልክት አንዱ ይኸው ነው። ያኔ መንጋጭላው ሰፊ ነበር፣ የሚበላውም ጠንካራ። የኛ መንጋጭላ እያነሰ መጣ፤ ከልጅነት ጀምሮ የምናኝከው ምግብ መለስለሱም አስተዋጽኦ አለው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሬይመንድ ቤግ የተባለ አውስትራሊያዊ የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ ነገር አመለከተ። የድሮዎቹ የአውስትራሊያ ተወላጆች ሻካራ ምግብ ሲያኝኩ ጥርሳቸው ከላይ ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን እየተፋተገ ይሳሳ ነበር፤ እያንዳንዱ ጥርስ በስሱ ሲቀንስ ለረድፉ ቦታ ይተርፈዋል። ቤግ ያለው ሁሉ ባይጸናም፣ ዛሬ የማስተካከያ ሐኪሞች የጥርስን ጎን በስሱ እየሞረዱ ቦታ የሚያገኙት ዘዴ ያንኑ የሚመስል ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ቦታ ያጣ እንግዳ ነው እንጂ ቦታ የሚቀማ አይደለም ማለቴ ነው። በዓለም ላይ ከአራት ሰው አንዱ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ተቀብሮ ይቀርበታል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ምንም ሳይሆን አብሮት ያረጃል።

አሁን ደግሞ ወደኛው ጓዳ እንግባ። ይህን ነገር ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ግግ ነው። አንቺ ከተማ ስላደግሽ ላታውቂው ትችያለሽ። ሕፃኑ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ድዱን ከፍተው ሲያዩ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ያገኛሉ። «ግግ ነው የያዘው» ይባላል። አዋቂ ተጠርቶ በስለት ወይም በወስፌ ተፈልፍሎ ይወጣል። የወጣው ያልበሰለ የወተት ጥርስ ነው። ሕፃኑ ጥርስ በሚያወጣበት ዕድሜ መዳህና የወደቀውን ሁሉ ወደ አፉ መስደድ ይጀምራል፤ የሚያስቀምጠው በዚያ ነበር፣ ጥርሱ ምንም አላደረገም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ሕፃን ደም ፈሶት ያለቀበት፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሞተበት ቤት አለ፤ የዳነውም ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ ይወጣበታል። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች የወተት ክራንቻቸው የጎደለ፣ ቋሚውም የተጎዳ ልጆችን አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዶችን ሲከለክል፣ ከእንጥል መቁረጥ ጋር የወተት ጥርስ ማውጣትን ጠቅሶታል። የገጠሯን እናት «ኋላ ቀር» ብለን የምንስቅባት እኛ፣ በነጭ ጋውንና በማደንዘዣ ሲሆን ያንኑ ነገር ገንዘብ ከፍለን እንገዛለን። በሁለቱም ቤት ነገሩ አንድ ነው፤ ጥርሱ በዚያ ሰሞን መጣ፣ ችግሩም በዚያ ሰሞን መጣ፣ እንግዲያው ይነቀል።

ማስነቀሉ ምን ይጎዳኛል ብትይ፣ ብዙውን ጊዜ ብዙ አይጎዳም። ጉንጭ ያብጣል፣ አፍ ለጥቂት ቀን በደንብ አይከፈትም፣ ሾርባና አጥሚት ይጠጣል፣ ያልፋል። አንዳንዱ ላይ ግን ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ይወጣና አጥንቱ ይራቆታል፤ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን የሚነሣው ሕመም እስከ ጆሮ ይዘልቃል፣ የሚያጨስ ሰው ላይ ደግሞ ይበዛል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነርቩ ነው። ከታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል፤ ለምላስ የሚሄደውም በቅርብ በኩል ነው። ከተነካ ከንፈር ወይም ምላስ ይደነዝዛል። አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ቡና ስትጠጪ ሲኒው ከንፈርሽን መንካቱን አለማወቅ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ነው የሚያውቀው። የታመመ ጥርስ ከሆነ ይህን አደጋ መቀበል ግድ ነው። ደህና ጥርስ ከሆነ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

ይህን ስልሽ ደግሞ የመጨረሻው መንጋጋ አይነካም ብለሽ እንዳትይዢው። እኔ በዘመኔ ብዙ ነቅያለሁ፣ ብዙዎቹም ሊነቀሉ የሚገባቸው ነበሩ። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ በድድ ክዳን የተሸፈነ ጥርስ፣ ከክዳኑ ሥር ምግብ እየገባ ደጋግሞ ካመረቀዘ፣ ይነቀል። ተበልቶ መሙላት የማይቻል ከሆነ ይነቀል። ተጋድሞ ከፊቱ ያለውን ደህና መንጋጋ ካበሰበሰ፣ ወይም ሥሩን ከበላው፣ ይነቀል። በራጅ ላይ ዙሪያውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ አይዋል አይደር። እንዲህ ዓይነቱ ላይ «ሽማግሌው ተይው ብለውኛል» ብለሽ ስሜን እንዳታነሺ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የሚነቀል ከሆነም በወጣትነት መነቀሉ ይሻላል፤ ሥሩ ገና ስላልጠነከረ፣ አጥንቱም ለጋ ስለሆነ ቶሎ ይሽራል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። መንጋጋሽ ጀርባ ላይ ጣትሽን ስትጫኚ መግል ከወጣ፣ ወይም አፍሽን መክፈት ካቃተሽ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገትሽ ከወረደና መዋጥ ካስቸገረሽ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ያ የሚያድር ነገር አይደለም።

ለፊት ጥርሶችሽ የምትፈልጊው ሌላ ሐኪም ነው። ጥርስ ነቃይ ሳይሆን የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም። እሱ ይለካዋል። ትንሽ ከሆነ ተይው ሊልሽ ይችላል፤ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። በኛ ዘመን ፍንጭት ያላት ተዘፍኖላታል፣ ድዷን የተነቀሰች ተሞግሳለች፤ የተደራረበ የታች ጥርስ ግን ማንም አልቆጠረውም፣ ከንፈር ይሸፍነዋላ። ዛሬ ስልኩ ሁሉ ካሜራ ሆነና የሰው ዓይን ከንፈር ውስጥ ገባ። ቢሆንም ጥርሱ ያንቺ ነው፤ ካላማረሽ በብሬስ ወይም እየወለቀ በሚደረገው ግልጽ ፕላስቲክ ይቃናል፤ ቦታ ካነሰ ጎኑ በስሱ ይሞረዳል። የመጨረሻው መንጋጋ ለዚህ ሥራ እንቅፋት የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ ሐኪሙ የኋላ መንጋጋዎችን ወደ ኋላ መግፋት ሲፈልግ ቦታውን ይዞ ያስቸግረዋል። ያን ጊዜ ንቀይው ቢልሽ ምክንያት አለው። «ስትጨርሺ እንዳይመለስብሽ አሁን ንቀይው» ካለሽ ግን እዚያ ላይ ቆም በይና ጠይቂው።

መመለሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። የተቃና ጥርስ ይመለሳል። በሲያትሉ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትል የሚባል ሰው የጥርስን መዛነፍ የሚለካበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ብሬስ ያደረጉ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት ተከታተለ። የተቃናውን ጥርስ ባለበት የሚያቆየውን መያዣ ማድረግ ካቆሙ ከአሥር ዓመት በኋላ የታች የፊት ጥርሳቸው ደህና ሆኖ የተገኘው ከመቶ ሠላሳ አይሞሉም። በሃያኛው ዓመት ደግሞ ወደ አሥር ወርደዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሽቦው ሲነሣ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ሰው ገንዘቡን ውኃ ላይ ጣለው። ጠባቂው ሪቴነር ነው፤ ወይ ማታ ማታ የሚደረገው፣ ወይ ከታች ጥርሶች ጀርባ ተለጥፎ የሚቀረው ቀጭን ሽቦ። እስከ መቼ ብትይ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለግሽ ድረስ ነው። የሚያሰለች መልስ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አራት ጥርስ ነቅሎ ነገሩን አንዴ መገላገል ይሻላል የሚለው ሐሳብ የሚማርከው በዚሁ ስልቸታችን ነው።

ተደራርቦ ቢቀርም የሚጠይቅሽ ንጽሕና ብቻ ነው። ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ የምራቅ መፍለቂያ ስላለ ቆሻሻው ቶሎ ይደድራል፤ ጥርሱ ሲደራረብ ደግሞ ብሩሹ አይደርስም። መፋቂያ የለመድሽ ከሆነ ጫፉን አላምጠሽ በዚያ ስንጥቅ በቀስታ አስገቢው፤ ክሩም ጥሩ ነው። በዓመት አንዴም ቢሆን አሳጥቢው።

አሁን ሐሙስ ቀጠሮ አለሽ አሉኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብሽ ቀጠሮውን ለምርመራ አድርጊው እንጂ ለመንቀያ አታድርጊው። ሐኪሙን በትሕትና ጠይቂው፤ ይህ ጥርስ ራሱ ምን በሽታ አለበት? አጠገቡ ያለውን ጎድቷል? ሥሩ ለነርቩ ምን ያህል ይቀርባል? ባስቀምጠውና በየጊዜው ብታየው ምን እሆናለሁ? መልሱ «በሽታ የለበትም፣ ለፊት ጥርስሽ ነው» ከሆነ አመስግነሽ ተነሺ። ያመመው ጥርስ እየጮኸ ይጠራሻል፤ ያላመመው ላይ ማንም አያጣድፍሽ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ለእናትሽም እኔ እደውልላታለሁ፤ ያፈላለገችው ገንዘብ ይቀመጥ፣ ካስፈለገ ለማስተካከያውና ለሪቴነሩ ይሆናል። ሙሉ አፍ የሚያሳየውን ራጅ ስትነሺ ደግሞ ከክሊኒኩ ሳትወጪ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ከነስምሽና ከነቀኑ ይሁን፣ ባለፈው የላክሽልኝ ግማሹ ተቆርጦ ነበር።